በረታችሁን ክፈቱላቸው፦ ለጅማና ለአካባቢዋ እንስሳት አርቢዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ላም ለምታልቡ፣ በግና ፍየል ለምታረቡ፣ ዶሮ ለምታሳድጉ፣ ቀፎ ለምትሰቅሉ ሁሉ፤

አሰላሙ አለይኩም፤ ጤና ይስጥልን፤ አካም ጅርቱ። ቤተሰብ ደኅና? ከብቱስ እንዴት ከረመ?

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ከሰፈሬ ወደ ሄርማታ ስወርድ አንድ የቆርቆሮ በር ፊት ለተግባር ትምህርት የወጡ ሁለት የእንስሳት ሳይንስ ተማሪዎች ቆመው አየሁ። ልጅቷ ነጭ ጋዋኗን አጣጥፋ በፌስታል ይዛለች። ልጁ አዲስ ቦት ጫማ ተጫምቷል፤ ዋጋ የተጻፈበት ወረቀት ገና ከጎኑ አልተላጠም። በሩ ስንዝር ያህል ገርበብ አለና የቤቱ እመቤት ድምፅ ብቻ ተሰማ፤ «ላም የለንም፣ ልጆቼ።» ይህን ተናግረው ሳይጨርሱ ከጓሮ ላሟ እምቧ አለች። ልጅቷ አልተከራከረችም። «እሺ እማማ፣ ይቅርታ» ብላ ጓደኛዋን ይዛ ወደ ቀጣዩ በር ሄደች።

እኚህን እናት አውቃቸዋለሁ። ልጆቼ ያደጉት በእሳቸው ላም ወተት ነው። ለእንግዳ በራቸውን የሚዘጉ ሰው አይደሉም፤ ስለዚህ ማታ ወተት ልቀበል ስሄድ ምክንያታቸውን ጠየቅኳቸው። «ከብት አይቆጠርም፣ ዓይን አለ» አሉኝ በመጀመሪያ። ቀጠሉና «መዝጋቢ ሲመጣ ከኋላው ግብር ይከተላል» አሉ። «ደግሞ አምና የመጡት ልጆች ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲጠይቁኝ ቆይተው ሄዱ፤ ተመልሶ ይህን አገኘን ያለኝ የለም። ከማን በረት ረግጠው እንደመጡስ በምን አውቃለሁ? የአፍተግር በሽታ ይዘውብኝ ቢገቡ ማን ይክሰኛል?»

ከነገሩኝ ውስጥ የሚናቅ ምክንያት የለም። ግን እነዚህ ልጆች ከእናንተ በር ከተመለሱ የሚጎዳው ማን እንደሆነ በራሴ ሕይወት ስላየሁት ዝም ማለት አልቻልኩም።

እኔም የእንስሳት ሳይንስ ምሩቅ ነኝ። የተማርኩት ከዚህ ርቆ ባለ ተቋም ነው፤ ስሙን አላነሳም። ውጤቴ ጥሩ ነበር። የላም የድራት (ኮርማ የመፈለጊያ) ዑደት በአማካይ 21 ቀን እንደሆነ፣ ላሟ ቆማ ኮርማ የምትቀበለው ግን ከ12 እስከ 18 ሰዓት ለሚሆን ጊዜ ብቻ እንደሆነ ፈተና ላይ ጽፌ ሙሉ ነጥብ አግኝቻለሁ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ግን ከአንዲት ላም አጠገብ የቆምኩበት ጊዜ ቢደመር አንድ ቀን አይሞላም።

ሥራ በያዝኩ በሁለተኛው ወር አንዲት አርሶ አደር በጠዋት አስጠራችኝ። ላሟ ሌሊቱን ስትጮህ አድራለች፣ መኖ አልነካችም፣ ትቁነጠነጣለች። ከጭራዋ ሥር እንደ እንቁላል ነጭ የጠራ ዝልግልግ ፈሳሽ ተንጠልጥሏል። ዞሬ ዞሬ አየኋትና «ሆዷን ነፍቷት ይሆናል፣ እስከ ነገ እንያት» አልኩ። ማታ ጎረቤት የሆኑ አዛውንት በአጥሩ በኩል ሲያልፉ አንድ ጊዜ አይተዋት «ኧረ ይህች ኮርማ ፈልጋ ነው» አሉ። አዳቃዩ ቴክኒሻን የደረሰው በማግሥቱ እኩለ ቀን ነው፤ ጊዜው አልፎ ነበር። ያቺ ሴት ሌላ 21 ቀን መኖ ገዝታ ጠበቀች። ምልክቶቹን ሁሉ በቃሌ እወጣቸው ነበር፤ አንዱንም በዓይኔ አይቼው ስለማላውቅ ፊቴ ቆሞ አላወቅኩትም። ዛሬም ትዝ ሲለኝ ፊቴ ይቃጠላል።

ልጆቹ በራችሁን የሚያንኳኩት እንዲህ ያለ ባለሙያ ሆነው እንዳይወጡ ነው። ምን እንደሚማሩ ካወቃችሁ ደግሞ ለምን እንደሚመጡ ይገባችኋል።

አብዛኛው ሰው የከብት ሐኪም ይመስሉታል። የእንስሳት ሕክምና ስድስት ዓመት የሚፈጅ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። የእንስሳት ሳይንስ ተማሪ የሚማረው ጤነኛዋ ላም ምን በልታ፣ ከየትኛው ዘር ተዳቅላ፣ በምን ዓይነት በረት አድራ፣ ምን ያህል እንደምትታለብ ነው። አባሰንጋን፣ ገንዲንና ፈንግልን የመሳሰሉ የእንስሳት በሽታዎችን ያውቃል፤ እንዳይገቡ መከላከልም ይማራል። መርፌ ይዞ ማከም ግን ሥራው አይደለም። ስለዚህ የታመመ ጥጃ አቅርባችሁላቸው «ሐኪም ይየው» ቢሏችሁ አላዋቂ ናቸው ብላችሁ አትናቋቸው፤ ትክክለኛው መልስ እሱ ነው።

የመጀመሪያው ዓመት እንደማንኛውም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሂሳብ፣ እንግሊዝኛ፣ ሳይኮሎጂና የመሳሰለው ነው። ከብት የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ሆዷን ነው የሚማሩት። የምታመሰኳ እንስሳ ሆዷ አራት ክፍል እንዳለው እናንተ ከመጽሐፉ በላይ ታውቃላችሁ፤ በአረፋ በዓል ሽንፍላ ስታጥቡ ቅጠል በቅጠል እየገለጣችሁ ነው። ልጆቹ የሚማሩት ያ ፈርስ የምትሉት ነገር በትልቁ ጨጓራ ውስጥ ሳለ ሕይወት ያለው መሆኑን ነው። በዓይን የማይታዩ እጅግ ብዙ ተሕዋስያን ገለባውን ይሰብሩታል፣ ያብላሉታል፤ ላሟ የምትኖረው እነሱ ከሚያወጡት ኃይልና ከእነሱ ከራሳቸው ገላ በምታገኘው ፕሮቲን ነው። እነሱም ታዲያ ምግብ ይፈልጋሉ። የመኖው ፕሮቲን ከመቶ 7 እጅ በታች ሲወርድ ይዳከማሉ፤ የበቆሎ አገዳና የስንዴ ገለባ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በታች ነው። «ቀኑን ሙሉ ትበላለች፣ ግን ትከሳለች» የምትሉት ነገር ምክንያቱ እዚህ ላይ ነው። ላሟ ጠግባለች፤ የተራቡት ጨጓራዋ ውስጥ ያሉት ናቸው።

ይህን በግምት አይናገሩትም። ከግርግማችሁ አንድ እፍኝ ገለባ ለምነው ቢወስዱ ቤተ ሙከራ ገብቶ በ105 ዲግሪ ይደርቃል፣ በ550 ዲግሪ አመድ ይሆናል፤ ናይትሮጅኑ ተለክቶ በ6.25 ሲባዛ ፕሮቲኑ ይታወቃል። ከዚያ ምን ይጨመር የሚለው ይመጣል፤ የኑግ ፋጉሎ፣ ፉርሽካ፣ ዴሾ ሣር፣ የዝሆኔ ሣር፣ ወይም ገለባውን በዩሪያ ማከም። 100 ኪሎ ገለባ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ዩሪያ በውኃ ተበጥብጦ ይረጭበትና አየር እንዳይገባው ተሸፍኖ ሦስት ሳምንት ይቀመጣል። አደራ፣ ዩሪያን እንዲሁ በትናችሁ ለከብት አትስጡ፤ ይገድላል። የማከሙን ሥራ ግን አንድ ጊዜ ከልጆቹ ጋር አብራችሁ ብትሠሩት በሚቀጥለው ዓመት ማንንም አትጠሩም።

እኛ ጅማ ያለን ሰዎች ደግሞ የራሳችን ጥያቄ አለን፤ የቡና ገለፈት። ቡና በሚፈለፈልበት ወቅት በየመፈልፈያው ጓሮ ክምሩን ያላየ የለም። ይህ ሁሉ መኖ አይሆንም ወይ ብላችሁ ስንቴ ጠይቃችሁኛል! ካፌይንና ታኒን አለበት። ካፌይኑ ከብቱን ያቁነጠንጠዋል፣ ሽንቱን ያበዛዋል፣ የመብላት ፍላጎቱንም ይቀንሰዋል። ታኒኑ ፕሮቲኑን ጠፍሮ ይይዘዋል። ስለዚህ ከሌላ መኖ ጋር በጥቂቱ ካልሆነ ብቻውን አይሰጥም። በምን ያህል መጠን፣ ምን ተደርጎበት፣ ለየትኛው እንስሳ የሚለውን ደጋግመው ሊፈትኑ የሚገባቸው እዚሁ ጅማ የሚማሩ ልጆች ናቸው። የቡና ክምርም ላምም በአንድ ግቢ ውስጥ ያላችሁት እናንተ ናችሁና፣ እናንተ ዘንድ ካልመጡ የት ይሂዱ?

የእርባታው ትምህርት ላይ ትንሽ ታገሡኝ፤ ከሁሉ የምወደው እሱን ነው። ለአረፋም ለፋሲካም የትኛውን በግ ነው የምንሸጠው? ፈጥኖ ያደገውን፣ ወገቡ የሞላውን፣ ላቱ የሰፋውን። ዋጋ የሚያወጣው እሱ ነውና ማንም አይፈርድብንም። መንጋው ውስጥ ቀርቶ እናቶቹን የሚያጠቃው ታዲያ ገዢ ያጣው ኮሳሳ ነው። ይህ በየዓመቱ ሲደጋገም ሳናውቀው ደካማውን እየመረጥን እናራባለን ማለት ነው። ጎረቤታችን ቦንጋ ላይ እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው በመንደር የታቀፈ የበግ ማሻሻያ ሥራ መድኃኒቱን ያገኘው ከዚሁ ነው። ጠቦቶቹ ለገበያ ሳይወጡ ይመዘናሉ፣ የእናቶቻቸው ታሪክ ይታያል፣ የተመረጠው አውራ በመንደሩ ይቀርና የጋራ ሆኖ ያገለግላል። ለዚህ የሚያስፈልገው ሚዛንና መዝገብ ነው። ልጆቹ ደብተር ይዘው «እናቷ ማን ናት? ስንት ወለደች? መቼ?» እያሉ የሚያሰለቿችሁ ለዚህ ነው።

በወተት ላሞች መካከል ከምናየው የምርት ልዩነት በዘር የሚወረሰው ከሩብ እስከ ሲሶ የሚሆነው ነው። የቀረው ከመኖና ከአያያዝ ይመጣል። «ደሟ 75 ነው» (ማለትም ከመቶ 75 እጅ የውጭ ዘር ናት) ተብላ በውድ የተገዛች ጊደር ገለባ ብቻ እየበላች ወተት ስትከለክል ጥፋቱን በዘሯ ላይ አታላክኩ። በሌላ በኩል የራሳችንን ዘርም አንናቅ። የሸኮ ከብት ገንዲን ከሌሎች ይልቅ በመቋቋም የታወቀ ነው። ወደ ጊቤ በረሃ ወርዶ ከብቱን በገንዲ የጨረሰ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ማዳቀሉን ነካ ላድርገው። የኮርማው ዘር በፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ቀዝቅዞ ይኖራል። ጠዋት ድራት የታየባት ከሰዓት በኋላ፣ ማታ የታየባት በማግሥቱ ጠዋት ትዳቀላለች። ድራት ደግሞ የቢሮ ሰዓት አያውቅም፤ ብዙውን ጊዜ በግልጽ የሚታየው ሌሊትና ንጋት ላይ ነው። ተማሪ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ በረታችሁ ደጃፍ ካልቆመ በቀር ይህን የሚያይበት ሌላ ቦታ የለም።

ስለ እንገር ደግሞ እናቶች ሆይ እለምናችኋለሁ። ጥጃ ሲወለድ በደሙ ውስጥ በሽታ የሚከላከልለት ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ ከእናቱ የሚያገኘው በእንገሩ ብቻ ነው። አንጀቱም ያንን ሳያፈርስ ወደ ደሙ የሚያሳልፈው ለመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው፤ አንድ ቀን ካለፈ በሩ ይዘጋል። «የእንግዴ ልጁ እስኪወርድ» እያላችሁ ጥጃውን አታቆዩት። ተማሪዋ ሰዓቷን እያየች «ጠባ? ስንት ሰዓት ላይ ጠባ?» ብላ ስትጨነቅ ብታዩ እየቆጠረች ያለችው ይህንኑ ነው።

ዶሮና ንብን በአጭሩ ልለፋቸው። ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ትፈልጋለች፤ ቴርሞሜትር ባይኖር ጫጩቶቹ ራሳቸው ይናገራሉ። መብራቱ ሥር ተደራርበው ከተኙ በርዷቸዋል፤ ከመብራቱ ሸሽተው ክንፋቸውን ዘርግተው ካለከለኩ ሞቋቸዋል። ንብ ላይ ግን መምህሮቹ እናንተ ናችሁ። ጌተም ከሚባለው ዛፍ የሚገኘው ነጭ ማር መቼ እንደሚቆረጥ፣ የግራዋው ለምን እንደሚመር፣ የትኛው ዛፍ ላይ የተሰቀለ ቀፎ ቶሎ ንብ እንደሚገባበት ከመምህር አንደበት የሰማ ተማሪ ጥቂት ነው። ልጆቹ በምላሹ ስለ ዘመናዊ ቀፎው ፍሬም፣ ስለ ንግሥት ማርባትና ስለ ማር እርጥበት ልክ ይነግሯችኋል። ከዚህ ሌላ ዓሣ፣ ሥጋና ቆዳ፣ የግጦሽ አያያዝ፣ የወተት ምርመራ፣ የሂሳብ መዝገብ፣ የምርምር ስታቲስቲክስ ይማራሉ።

ተማሪ ሳለሁ አንድ ነገር ይገርመኝ ነበር። ላም በየ21 ቀኗ ትመለሳለች፤ ዶሮ 21 ቀን ታቅፋለች፤ ሠራተኛ ንብም ከእንቁላል ተነሥታ በ21 ቀኗ ክንፍ አውጥታ ትወጣለች። ምክንያታቸው ለየቅል ነው፣ የሚያገናኛቸው ነገር የለም። ግን በአንድ ጓሮ ሦስቱንም ያላት እናት አንድ የቀን መቁጠሪያ ግድግዳዋ ላይ ብትሰቅል ከብዙ ኪሳራ ትድናለች።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂዎች አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ይወስዳሉ፤ ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። ፈተናው መኖሩን አልቃወምም። ነገር ግን የሚፈተነው በምርጫ ጥያቄ ነውና ተማሪው ዓመቱን ሙሉ ወደ ወረቀቱ ያደላል። የላም ግት በእጅ ዳብሶ ትኩሳቱንና እብጠቱን የመለየት ችሎታ በምርጫ ጥያቄ አይለካም። ይህን ልታስተምሯቸው የምትችሉት እናንተ ናችሁ።

ይህቺ ከተማ ለዚህ እንግዳ አይደለችም። የግብርና ትምህርት ቤት ጅማ ላይ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው፤ በ1999 የጅማ ዩኒቨርሲቲ አካል ሆነ። ዛሬ ሐረማያ የምንለው ዩኒቨርሲቲ እንኳ የራሱ ግቢ እስኪሠራ ድረስ የመጀመሪያ ተማሪዎቹን ያስተማረው እዚሁ ነው።

አሁን የእማማን ስጋት ልመልስ።

አፍተግርን መፍራታቸው ልክ ነው። በሽታው በጫማና በልብስ ይተላለፋልና ማንም ተማሪ ቦቱን በራችሁ ላይ በብሩሽና በሳሙና ሳያጥብ፣ ከዚያም በበረኪና ውኃ ሳይነክር አይግባ። እበት እንደለጠፈ በረኪና ቢደፋበት አይሠራምና መጀመሪያ ይፈግፍግ። በዚያ ቀን ሌላ በረት ገብቶ ከነበረ ነገ ይምጣ በሉት። ይህን ስታዝዙት ትምህርቱን እያስጠናችሁት ነው እንጂ እያስቀየማችሁት አይደለም።

ስለ ቁጥሩም ለተማሪዎቹ ልናገር፤ ልጆቼ፣ «ስንት ላም አለዎት?» ብላችሁ ወሬ አትጀምሩ። ማሻአላህ በሉ፣ ስለ ልጆች ጤና ጠይቁ፣ ስለ አንዲት ላም ብቻ አንሡ። ቁጥሩ ካስፈለጋችሁ በመጨረሻ፣ ለመመረቂያ ጽሑፍ እንደሆነና ስም እንደማይጻፍ ተናግራችሁ፣ ፈቃድ ጠይቃችሁ ነው። የማይፈልግ ሰው ላይ አትጫኑ። የላሟን ክብደት ለመገመት በሜትር ደረቷን ዙሪያውን ስትለኩም ለምን እንደሆነ አስቀድማችሁ ንገሩ፤ ድንገት ገመድ ይዞ ወደ ላሟ የሚጠጋ ሰው ማንንም ያስደነግጣል።

ለሚያስተምሯቸውም አንድ ልመና አለኝ። ልጆቹን ደብዳቤና ቦት ሰጥታችሁ ላኩ፤ ያገኙትንም ይዘው ወደ ባለቤቱ እንዲመለሱ የነጥባቸው አካል አድርጉት። በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም አንድ ገጽ ይበቃል፤ ገለባዎ ይህን ያህል ፕሮቲን አለው፣ ይህን ይጨምሩበት የሚል። እማማ የጠበቁት ይህንኑ ነበር።

ይህን ሁሉ ለእማማ ነግሬያቸው ጥቂት አሰቡና ጣታቸውን መቁጠር ጀመሩ። ላሟ ባለፈው ኮርማ ፈልጋ ሳይደርሱላት ያለፈችው የገበያ ቀን ማግሥት ነበር። ቆጠራቸውን ጨርሰው «የፊታችን ቅዳሜ 21 ይሞላታል» አሉኝ። «ያቺን ልጅ ታውቃታለህ? ከንጋቱ 11 ሰዓት ትምጣ። ቦቷን አጥባ።»

ልጅቷን እየፈለግኋት ነው። ይህን የምታነብ ከሆነ፣ የቆርቆሮው በር ቅዳሜ ክፍት ነው።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የእንስሳት ሳይንስ ባለሙያ
ጅማ